ለግጥም መልስ የሚሰጥ ሰው

የፕሮግራም ወረቀት የማጠራቀም ልማድ ቢኖረኝ ኖሮ እስካሁን አንድ ሣጥን ይሞላልኝ ነበር። የትምህርት ቤት ምረቃ፣ የዕድር በዓል፣ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ገቢ ማሰባሰቢያ፣ ምኑ ቅጡ! ሰው በብዛት የሚጠራበት ዝግጅት ሁሉ ወረቀቱ ላይ አንድ የማይቀር መስመር አለው። «ግጥም ንባብ፦ 10 ደቂቃ» ይላል። ቦታውም የታወቀ ነው፤ ከክብር እንግዳው ንግግር በኋላ፣ ከቶምቦላው ዕጣ በፊት። ገጣሚው ይነሣል፣ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል። የመድረክ መሪው «በጣም እናመሰግናለን፣ ግሩም ነበር» ይልና የዕጣውን ሣጥን ያስመጣል። አለቀ።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች ላይ እንዳነብ ብዙ ጊዜ ተጠርቻለሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲሰማ አይቻለሁ። የግጥም መጽሐፍ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ግጥም ለመስማት ይመጣል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ማንም ከዚህ ላይ ቅሬታ እንዳያነብብኝ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በእኛ አገር ግጥም ከጭብጨባ የበለጠ መልስ ይሰጠው ነበር። ያ መልስ የት ገባ? «ድሮ ቀረ» ብዬ ላላዝን አይደለም። ታሪኩን ተከትለን ብንሄድ መልሱ የት የት ቦታ ላይ እንደተንጠባጠበ ይታያል ብዬ ነው።

ከቅኔ ቤት እንጀምር። ቅኔ የሚባለው በጉባኤ ፊት ነው፤ በማኅሌት፣ ካህናቱ ቆመው፣ ሊቃውንቱ ጆሯቸውን አቁመው። ከሁሉ አጭሩ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ አለው። ስሙም ጉባኤ ቃና ይባላል፤ የቃና ጉባኤ ማለት ነው። እንግዲህ ትንሹ ግጥም እንኳ ከስሙ ጀምሮ ጉባኤ ይዞ ይዞራል። ከዚያ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ አለ፣ አምስት ቤት ያለው ዋዜማ አለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ለየዕለቱ አዲስ ይፈለጋል። ተናጋሪውን የሚያስፈራው ግን ድርሰቱ አይደለም፤ ሰሚው ነው። አገባቡ የተበላሸ ወይም ምሥጢሩ የላላ ቅኔ ያመጣ ሰው እዚያው ይታረማል። ሰሚውም ሥራ ፈትቶ አልቆመም፤ የሰሙን መጋረጃ ገልጦ ወርቁን ማግኘት የእርሱ ድርሻ ነው። ቅኔ ሰሚ ካጣ ግማሹ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወደ ጠጅ ቤት ብንገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ይዞራል። ግጥም ከራሱ ያወጣል፤ እንግዳውን ያወድሳል፣ ይነካካል። ከዚያ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይወረውርለታል። አዝማሪው ሳይጨምር ሳይቀንስ በዜማ ያወጣዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያች ሰዓት ገጣሚው ማን ነው? ገንዘብ ከፍሎ፣ ጠጅ ጠጥቶ፣ ግጥሙንም ከራሱ ያዋጣው ሰውዬ አይደል? ስንኙ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠውን ባላንጣውን ወግቶት እንደሆነም ባላንጣው ዝም አይልም። እርሱም በተራው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው የሁለቱ መልእክተኛ ይሆናል።

ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። ሙሾ አውራጇ ከመጀመሯ በፊት ትጠይቃለች፤ ሟች ምን ይወድ ነበር? ለማን ደረሰ? ከማን ጋር ተቀያይሞ ቀረ? ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላል። እህት ከመሃል ተነሥታ የራሷን ሁለት ስንኝ ትጨምራለች። ሳይታረቅ የቀረ ወንድም ካለ በአንዲት ስንኝ ልቡ ይነካል፤ ሁሉም ይሰማል፣ ማንም በስም አልጠራውም። ወሎ ብትሄዱ መንዙማ የሚያወርደው ሰው ብቻውን አያወርድም፤ የተሰበሰበው በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል። ፉከራም ቢሆን የሚደረገው በጌታ ፊት፣ በግብር ላይ፣ አብሮ የዘመተ ሰው እየሰማ ነው። ያልገደለውን ገደልኩ ያለ ፎካሪ አብሮት የነበረ ምስክር ከጎኑ እንደተቀመጠ ያውቃል።

እነዚህ ሁሉ ለየቅል ናቸው። ቅኔውን ከጠጅ ቤት ስንኝ ጋር አንድ ላይ ሳነሣ የሚከፋው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ይቅር ይበለኝ። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ስላለ ነው። በሁሉም ተናጋሪውና ሰሚው እኩል መሬት ላይ ናቸው፤ ነገም ይገናኛሉ። ግጥሙን የተናገረው ሰው መልሱን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሄድም።

መድረክ የሚባለው ነገር ሲመጣስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ መጠምዘዝ የሚጀምረው። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም የጣሊያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል እየተሰናዳ ነበር። አቶ መኮንን ሀብተወልድ ያደራጁት ይህ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡን በአደባባይ እየሰበሰበ በንግግር፣ በመዝሙርና በግጥም ያነቃቃ ነበር። ተናጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ፣ ሕዝቡ ከታች ሆኖ ይሰማል። በዚህ ላይ አቃቂር ማውጣት አይገባም፤ ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበር። መልሱም ብዙ አልዘገየም። ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. መስከረም ተጀመረ፤ መጋቢት ላይ ማይጨው ሆነ። ከዚያ አደባባይ የሰማው ሰው መልሱን በእግሩ ሄዶ ሰጠ።

ከነፃነት በኋላ መድረኩ ጣሪያ አገኘ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ተከፈተ። ቀደም ብሎ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀምሮ ነበር። ከዚህ ኮሌጅ የወጣው «የኮሌጅ ቀን» የሚባለው በዓል በግጥም ንባባችን ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ተማሪዎቹ ግጥም ይወዳደራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይቀሩ በዓሉ ላይ ይገኙ ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ግን ግጥሙ መልኩን ቀየረ። ታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በብዕር ስሙ ገሞራው፣ በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ። ገሞራው ከረጅም ስደት በኋላ በ2007 ዓ.ም. በስዊድን አገር አረፈ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ሰልፍ የተደረገው በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉ። ድሀው ከሰልፉ በፊት በግጥም ተናግሮ ነበር ማለት ነው።

እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። ግጥሞቹን ያወቅኳቸው ተማሪ ሳለሁ ነው፤ በኋላም እኔው አስተማርኳቸው። ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ የማነሣት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፦ «ድሀው ሲናገር ድሀው የት ነበር?» ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎች ነበሩ፣ መምህራን ነበሩ፣ ባለሥልጣናት ነበሩ። ግጥሙ የሚናገርለት ሰው ግን እዚያ የለም። ቢኖርና «ተቀበል!» ቢል ምን ይል ነበር? ምናልባት «ደግ ብለሃል ልጄ፣ ግን ይቺን ረስተሃል» ይል ይሆናል። ይህን የምለው የግጥሞቹን ድፍረት ለማሳነስ አይደለም። በዚያ ዘመን እንዲያ ብሎ መነሣት የወንድ ልጅ ሥራ ነው። የምለው ሌላ ነው፦ ግጥም በሰው ስም መናገር የጀመረው ያ ሰው መልስ ሊሰጥ በማይችልበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ «በሰፊው ሕዝብ ስም» የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደተጋነነና የት እንዳደረሰን የምናውቀው ነው።

ወደዚያው ልመጣ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ቀበሌ የሚባለውም አብሮ መጣ። ቀበሌ ካለ አዳራሽ አለ፤ አዳራሽ ካለ ኪነት አለ። የእኔ ትውልድ መድረክ ያየው እዚያ ነው። በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካኪ ለብሰን፣ ተሰልፈን ወጥተን ግጥም አሰማን። ግጥሙ ተጽፎ የመጣ ነው። ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጅ የተሰጠውን ያነባል። የሚገርመው መልሱም ተጽፎ መምጣቱ ነው። እዚህ ስንኝ ላይ ይጨበጨባል፣ እዚያ ስንኝ ላይ ግራ እጅ ይነሣል፣ መጨረሻው ላይ መፈክር ይባላል። አዳራሹ እስከ አፉ ሞልቷል፤ አለመምጣት ያስጠይቃላ! የጎረቤታችን አባወራ በእንቅልፍ እያንጎላጀ እጁን በሰዓቱ ሲያነሣ አይቻለሁ። ከቅኔ ቤቱ ሊቅ እስከዚህ ሰውዬ ድረስ ያለውን መንገድ እስቲ አስቡት። አንደኛው ሲሰማ ያርማል፤ ሌላኛው ሳይሰማ ያጨበጭባል።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር የመድረኩም አየር ተለወጠ። የግጥም መጻሕፍት በዙ፣ የንባብ ምሽቶችም በባህል ማዕከላትና በሆቴሎች ተበራከቱ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በራስ ሆቴል «ግጥምን በጃዝ» የሚባለው መጣ። ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ወጣቶች ከፍለው እየገቡ ግጥም የሚሰሙበት ዝግጅት ሆነ። ልብ በሉ፣ ከፍለው! አንዳንድ የእድሜ እኩዮቼ «ግጥም በሳክስፎን ምን የሚሉት ነው?» ብለው አፍንጫቸውን ነፍተው ነበር። እኔ አልነፋሁም። መሰንቆ ያላፈረበትን ሳክስፎን ለምን ያፍርበታል? እንዲያውም ጃዝ ራሱ አንዱ መሣሪያ ጠይቆ ሌላው የሚመልስበት ሙዚቃ ነው። ብቻ አንድ ነገር ተቀየረ፤ መልሱን የሚሰጠው ሙዚቀኛው ሆነ። ታዳሚው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ «ይደገም!» ይላል። «ተቀበል!» የሚል ግን የለም። «ይደገም» እና «ተቀበል» አንድ አይደሉም። አንደኛው የረካ ገበያተኛ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የባለድርሻ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስልኩ አለ። ገጣሚው ሲነሣ አዳራሹ ሙሉ ስልክ ይነሣል። ሰው ግጥሙን የሚያየው በመዳፍ በምታክል መስታወት ውስጥ ነው። በሁለት እጁ ስልክ የያዘ ሰው ማጨብጨብም አይችልም። እንዲያው ጭብጨባዋም ልትቀርብን ነው!

እስካሁን ያወራሁት ነገር ለንባብ ክፍል የሚሆን ነው የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «መልስ ሰጡ አልሰጡ ምን ለውጥ ያመጣል? ሰው መጣ፣ ሰማ፣ ተደሰተ፤ በቃ!» ይለኛል። ለእርሱ ያየሁትን ልንገረው።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ያደግኩበት ሰፈር ዕድር 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ግጥም እንዳነብ ተጠራሁ። የሰፈሩን ስም ልተወው። በከተማችን ሰፈሮች ሲፈርሱ የከረሙበት ዓመት ነበር፤ የእኛም ሰፈር ግማሹ ፈርሶ ሰዉ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጀሞ ተበታትኗል። ያም ሆኖ ለበዓሉ ያልመጣ የለም ማለት ይቻላል። በሁለት ታክሲና በሦስት አውቶቡስ የመጡ ነበሩ። ወንበር አልበቃ ብሎ የዕድሩ አግዳሚዎች ከዕቃ ቤት ወጡ። የልጅነት ጓደኞቼ ሽበት አብቅለው፣ እናቶቻችን ከዘራ ይዘው፣ የማያውቁኝ የልጅ ልጆች ደጃፍ ላይ ሲሯሯጡ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ንግግር፣ የእንግዳ ንግግር፣ ለመሥራቾች የምስክር ወረቀት፣ ግጥም ንባብ፣ ምሳ። ተነሥቼ አነበብኩ። ግጥሙ ስለ ሰፈሩ ነው፤ ስለ ጭቃ ቤቱ፣ ስለ ጉሊቱ፣ ማታ ማታ ስለሚጮኸው የዕድር ጡሩምባ። ለፍቼበታለሁ፣ አላፍርበትም። ሰዉም ወደደው፤ ያለቀሱ ነበሩ። ጭብጨባው ሳያልቅ የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ተቀብሎኝ «በጣም እናመሰግናለን፣ ግሩም ነበር፤ አሁን ወደ ምሳ» ሊል አፉን ሲከፍት ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ተነሣ።

እትዬ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ እትዬ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ ለቅሶ ቤት ሙሾ ያወርዱ የነበሩ እናት ናቸው። ማይክሮፎኑን አልፈለጉም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እኔን አይተው፣ በቀጭን ድምፅ ሁለት ስንኝ አሉ፦

ቤቱንስ መምታቱን ችሎታል ግሬደር፣
አንተ ቤት አትምታ፣ ቤት ሥራ ለዕድር።

አዳራሹ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተነሣ፣ ከወንዶቹ በኩል ሳቅ። አንድ ሽማግሌ «ይድገሙት!» ብለው ጮኹ። እትዬ «ለቅሶ አይደገምም» ብለው ተቀመጡ።

የድሮ ሥራዬ ነውና ስንኙን ትንሽ ልተንትነው፣ ታገሡኝ። ቤት መምታት ለገጣሚ ሌላ ነው፣ ለግሬደር ሌላ። እርሳቸው ሁለታችንን በአንድ ቃል ጎን ለጎን አቆሙን። «ቤት ሥራ» የሚለውን ደግሞ እንዳሻችሁ ስሙት፤ ግንብ ማቆም ነው፣ ወይም ለአንድ የቀድሞ አስተማሪ የተሰጠ የቤት ሥራ ነው። ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ በመሃል ዕረፍት ያለው፣ ልኩን የጠበቀ የወል ቤት ነው። ለአንድ ሴሚስተር ያህል ላስተምረው የምችለው ነገር በሁለት ስንኝ ውስጥ አለ። እትዬ ግን ማንበብና መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ግን ስንኙ ማማሩ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። በዚያ ቀን ፕሮግራም ላይ ስለ ዕድሩ መፃኢ ዕድል የሚያወራ አንድም መስመር አልነበረም። 50 ዓመት የኖረ ዕድር ነው፤ አባላቱ በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል፤ ድንኳኑና ዕቃው የተቀመጠበት ቤት ራሱ ይፈርሳል ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላነሣውም። በዓል ነዋ! እትዬ ሲቀመጡ ግን አንዱ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «እውነታቸውን ነው፣ ድንኳኑ የት ሊገባ ነው?» አለ። ሌላው «ኮዬ ሰው ቢሞት ማን ይደርሳል?» አለ። አንዲት ሴት «እኔ ከሄድኩ ወዲህ የሦስት ወር መዋጮ አልከፈልኩም፣ የሚቀበለኝም የለም» አለች። የዕድሩ ዳኛ የመድረክ መሪውን አዩት፤ የመድረክ መሪው ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ የለም። ዳኛው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ምሳው ይቆይ» አሉ።

ምሳው ቆየ። ከሁለት ሰዓት በላይ ተባለ፣ ተጨቃጨቀ። ከሰዓት በኋላ ስንለያይ ዕድሩ እንዳይፈርስ፣ በየሄዱበት አካባቢ ተጠሪ እንዲመረጥ፣ ጡሩምባው በስልክ እንዲተካ፣ ለዕቃው ማስቀመጫ ገንዘብ እንዲዋጣ ተስማምተው ነበር። ያ ስምምነት እስከ መቼ ይዘልቃል? እሱን ጊዜ ያሳየናል፤ የዕድርን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የእኔ ነጥብ ይሄ ነው፦ እኔ ያነበብኩት ግጥም ሰዉን አስለቀሰ፤ የእትዬ መልስ ሰዉን አነጋገረ። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። የእኔ ባይቀድም የእርሳቸው አይመጣም ነበር። የእርሳቸው ባይከተል ግን የእኔ ከምሳው በፊት ይሞት ነበር።

አንባቢ «በየዝግጅቱ እንደ እትዬ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?» ይለኝ ይሆናል። አለ። እርግጠኛ ነኝ አለ። በየሰፈሩ ሙሾ ያወረዱ እናቶች፣ ቅኔ ተምረው የተዉ አባቶች፣ ለሠርግ ዘፈን ግጥም የሚደረድሩ ልጃገረዶች አሉ። ጠጅ ቤቱ ቢቀር በየባህል ምሽት ቤቱ «ተቀበል» የሚል ጎልማሳ እስካሁን አልጠፋም። ሰፈር ሲበተን ቤቱ ብቻ አይደለም የሚበተነው፤ ማን ለማን መልስ መስጠት እንደሚችል የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይበተናል። እትዬ እኔን «አንተ» ብለው የተናገሩኝ በልጅነቴ አፍንጫዬን ስለጠረጉልኝ ነው። እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ ያንን ስንኝ አይወረውሩለትም፤ አጨብጭበው ዝም ይሉ ነበር። መተዋወቁ ሲቀር መልሱም ይቀራል። በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ብሎክ የሚዘጋጀው አዲስ በዓል ላይ ግጥም ሲነበብ ሰዉ እያጨበጨበ የሚለያየው ስለማያውቅበት አይመስለኝም። ገና ስላልተለማመደ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ለምታዘጋጁ ወገኖቼ ጥቂት ልመና አለኝ። ግጥሙን ከንግግርና ከምሳ መሃል እንደ ማባያ አታስገቡት። የሰፈሩ ጉዳይ የሚነሣበት ሰዓት ካለ ከእርሱ በፊት አድርጉት። ገጣሚው ከመድረክ ወርዶ ከሰዉ ጋር እኩል መሬት ላይ ይቁም፤ ማይክሮፎኑ ገመዱ አጭር ከሆነ ያለ ማይክሮፎን ይሞክር። የመድረክ መሪው ምስጋናውን ለመናገር አይጣደፍ፤ ግጥሙ ሲያልቅ ትንሽ ዝም ይበል። ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን ከፊት አስቀምጧቸው፤ ለክብር ብቻ አይደለም፣ እንዲሰማቸውም ነው። ለእናንተም ለገጣሚዎች አንድ ቃል አለኝ፦ የተጠራችሁበትን ሰፈር አስቀድማችሁ ሂዱና እዩት፣ እንደ ሙሾ አውራጇ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የፕሮግራሙን ወረቀት ስታሳትሙ «ግጥም ንባብ፦ 10 ደቂቃ» ከሚለው መስመር በታች አንድ መስመር ጨምሩ። «መልስ፦ 5 ደቂቃ» በሉ። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ማንም አይነሣም፤ አምስቱ ደቂቃ በጸጥታ ያልፋል። ግዴለም፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ጻፉት።